ሶፋውን ማን ፈቀቅ አደረገው?

በሐምሌ ቡና ጠጡ ተብላችሁ ሰው ቤት ከሄዳችሁ ሶፋው የተቀመጠበትን ቦታ ልብ በሉ። ግድግዳ ተደግፎ ቀጥ ብሎ ከተቀመጠ ቤቱ ደህና ነው። ወደ መሀል ወጣ ካለ፣ ወይም ያለ ምክንያት አንድ ጎኑን ዘመም አድርጎ ከቆመ፣ እመቤቲቱን ስለ ዕቃ አቀማመጥ አትጠይቋት፤ ቀና ብላችሁ ኮርኒሱን እዩ። ዳር ዳሩ ቡናማ፣ መሀሉ ነጣ ያለ፣ የማይታወቅ አገር ካርታ የሚመስል ነገር ታገኛላችሁ። በድንበሩ ላይ ሌላ ድንበር፣ በዚያም ላይ ሌላ ከተደረበ ያ ቤት ከአንድ ክረምት በላይ ችሏል ማለት ነው። ሶፋውን ፈቀቅ ያደረገው ባልም አይደለም፣ ሚስትም አይደለችም። ጣሪያው ነው።

ነገሩ ጣሪያቸው ላይ መስኮት ባስከፈቱ ቤቶች ይብሳል። ያስከፈቱበትን ምክንያት አልነቅፍም። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙው ቤት ተደጋግፎ የቆመ ነው፤ በግራ የጎረቤት ግድግዳ፣ በቀኝ የጎረቤት ግድግዳ፣ በጓሮ አጥር። መተላለፊያው በቀትርም አምፖል ይፈልጋል፤ መብራት ደግሞ ሲጠፋ ማንንም አያማክርም። ስለዚህ አንድ ቀን አባወራው ቀና ይልና «ብርሃን በጎን ካልመጣ በላይ ይምጣ» ይላል። አቅም ያለው ደረጃው አናት ላይ የመስታወት ሳጥን ያስቀምጣል። አቅም ያነሰው ከቆርቆሮዎቹ አንዱን ያስነሣና በቦታው ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ቆርቆሮ ያስመታል። በጋውን ሙሉ ደስታ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይኸው፣ ያለ መብራት ጋዜጣ ይነበባል» ይባላል። ከዚያ ሰኔ ይገባል፤ ብርሃኑ የገባበት በር ለሌላም እንግዳ ክፍት እንደነበር ይታወቃል።

የጥንት ሰዎች ጣሪያ መቅደድ አይወዱም ነበር። የሣር ጎጆ አናቱ ላይ መስኮት የለውም። ጭሱ በሣሩ መካከል መንገዱን ፈልጎ ይወጣል፤ እግረ መንገዱንም ተባዩን ያባርራል። ሣሩ ከየአቅጣጫው መጥቶ የሚገናኝበት ጫፍ ግን ክፉ ቦታ መሆኑን ያውቁ ስለነበር ለዚያች ቦታ ብቻ ከሸክላ የተሠራ ጉልላት ይደፉላታል። ዛሬ ጌጥ የምንለው ያ ጉልላት ሥራው ውሃ መከላከል ነበር። ትልቁ ጥበብ ደግሞ አከዳደኑ ላይ ነው። ሣር የሚከደነው ከታች ከጠፈጠፉ ተጀምሮ ወደ ላይ ነው፤ የላይኛው ድርብ እግሩን በታችኛው ራስ ላይ ይጥላል። ከላይ የመጣ ውሃ አንዱ ለአንዱ እያቀበለው እስከ ደጅ ይሸኛል እንጂ በመካከል የሚሾልክበት የለም። ሙጫ የለ፣ ማጣበቂያ የለ። ይህቺን አንዲት ነገር የጨበጠ ሰው የጣሪያ መስኮትን ትምህርት ከግማሽ በላይ ጨርሷል።

ሮማውያን በበኩላቸው ክርክሩን ከነጭራሹ ትተውታል። ሮም ውስጥ ከ1,800 ዓመት በላይ የቆመው ፓንቴዎን የሚባለው ሕንጻ ጉልላቱ አናት ላይ ወደ 9 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ አለው፤ መስታወት የለው፣ ክዳን የለው። ዝናብ ሲመጣ ቀጥ ብሎ ወለሉ ላይ ይዘንባል። ሠሪዎቹ የወለሉን መሀል ለዓይን በማይታወቅ መጠን ከፍ አድርገው፣ የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች አበጅተውለት ሄዱ። እርግጥ ሶፋ አላስቀመጡም። እኛ የነሱ ድፍረት ስለሌለን ሶፋውን ፈቀቅ አድርገን ሳፋ እንተካለን።

ጣሪያ ማፍሰስ ሲጀምር የመጀመሪያው ሐኪም ጎረቤት ነው። በዚህ አገር ለጉንፋንና ለጣሪያ መድኃኒት የማያዝ ሰው የለም። አንዱ «ሚስማሩ ነው» ይላል። ሁለተኛው «የለም፣ ቆርቆሮው ነው፤ የዱሮው ቆርቆሮ ቢሆን ኖሮ…» ብሎ ይጀምርና ስለ ዱሮው ቆርቆሮ ውፍረት እስከ ማታ ያወራል። ሦስተኛው ከቤቱ ሲሊኮን ይዞ ይመጣል። አደገኛው ይህ ሦስተኛው ነው። ሲሊኮን የያዘ ሰው ቀዳዳ አይፈልግም፤ የሚቀባው ቦታ ነው የሚፈልገው። መሰላል አስደግፎ ይወጣል፣ መስኮቱን ዙሪያውን ይለቀልቀዋል፣ የውሃ መውጫ እንዲሆን ሆን ተብሎ የተተወችውን ክፍተት ሳይቀር ይደፍናታል፣ እጁን እየጠረገ ይወርዳል። ዝናብ ሲመጣ ጠብታው በነበረበት ይቀጥላል። «ገና አልደረቀም» ይላል ባለ ሲሊኮኑ። በዓመቱ ፀሐይ የሰነጠቀው ሲሊኮን ላይ ካትራሜ ይጨመርበታል። በመጨረሻ እውነተኛ ባለሙያ ሲጠራ የመጀመሪያ ሥራው የቀደሙትን በጎ አድራጊዎች ሥራ መፋቅ ይሆናል፤ ሒሳቡንም ለዚያው ለብቻው ይጠይቃል።

ቀብቶ መገላገል የሰፈራችን ፈሊጥ ብቻ ነው ብላችሁ አትፈሩ። የላሊበላን ያህል ቅርስ እንኳ አላመለጠም። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በተደረገ ጥገና ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ የአንዳንዶቹ ጣሪያ ሬንጅ ተቀብቶ ነበር፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የመራው ጥገና ደግሞ ያንን ሬንጅ ከድንጋዩ ላይ ማንሣት ነበረበት። የዝናቡ ነገር በዚያ ስላላበቃ በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ትልልቅ መጠለያዎች ከላያቸው ተዘረጉ፤ እነሱም የራሳቸውን ክርክር ይዘው መጡ። ከአንድ ዐለት የተፈለፈለ፣ መጋጠሚያ የሚባል ነገር የሌለበት ጣሪያ ውሃ ካስቸገረው፣ በሚስማር በተያዘ ቆርቆሮ መሀል መስታወት የሰካ ሰው ትንሽ ትሕትና ቢኖረው አይከፋም።

የስሕተታችን ሁሉ ሥር አንድ ነው፦ ውሃ በወረደበት የገባ ይመስለናል። ጠብታው አልጋ ላይ ሲወድቅ ዓይናችን ሽቅብ ቀጥ ብሎ ይሄድና እዚያው ፍርድ ይሰጣል። ውሃ ግን ቆርቆሮ ሥር ከገባ በኋላ አይቸኩልም። የቆርቆሮውን ሆድ ታክኮ ቁልቁል ይሄዳል፤ ሞራሌ ሲያገኝ ሞራሌውን ተከትሎ ወደ ጎን ይታጠፋል፤ የሚስማር ጫፍ ወይም የኮርኒስ መጋጠሚያ ሲያገኝ ያን ጊዜ ይወርዳል። በገባበትና በወረደበት መካከል ሁለት ሦስት ሜትር ቢኖር የሚደንቅ አይደለም። አልሸሹም ዞር አሉ ነው። የጣሪያ መስኮት ደግሞ በዚህ መንገድ መሀል የተቀመጠ ትልቅ ቀዳዳ ስለሆነ የሌላውን ሁሉ ኃጢአት ይሸከማል። ከላይ ከየትም የገባ ውሃ የመስኮቱ ጠርዝ ላይ ሲደርስ እንጨቱ ያልቅበትና እዚያው ይንጠባጠባል። መስኮቱ ተከሳሽ የሚሆነው ሬሳው ደጁ ስለተገኘ ብቻ ነው።

ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ጎረቤት አሉኝ። የመኝታ ቤታቸው የጣሪያ መስኮት ከአልጋቸው ራስጌ በላይ ነው፤ ጨረቃ እያዩ ለመተኛት ነበር ያስገቡት። ክረምት ሲመጣ ራስጌና ግርጌ ተለዋወጡ፤ በሚቀጥለው ክረምት አልጋው ራሱ ግድግዳ ቀየረ። ሲሊኮኑም ካትራሜውም ተሞክሮ አልሆን ሲል ልጃቸው አንድ ወጣት ቆርቆሮ ሠሪ ይዞ መጣ። ሰውየው መሰላል ከመጠየቁ በፊት ወንበር ጠየቀ። ተቀመጠና፦

«ጋሼ፣ መቼ ነው የሚያፈሰው?»

«ሲዘንብ ነዋ! ታዲያ ፀሐይ ሲሆን ሊያፈስ ነው?»

«ገና ዝናቡ ሲጀምር ነው ወይስ ቆይቶ ነው?»

መምህሩ ትንሽ አሰቡ። «ቆይቶ ነው። ዜናው አልቆ ስፖርቱ ሲጀምር።»

«ነፋስ ሲኖር ይብሳል?»

«አይ፣ እሱን እንጃ። በረዶ የቀላቀለ ለታ ግን ጉድ ነው።»

«ዝናቡ ካባራ በኋላስ?»

«አንተ ልጅ፣ ጣሪያ ልትሠራ ነው የመጣኸው ልትፈትነኝ?»

አርባ ዓመት ሲፈትኑ የኖሩ ሰው ተፈትነው አያውቁምና ቢቆጡ አይፈረድባቸውም። ፈተናው ግን ልክ ነበር። ዝናቡ እንደጀመረ ወዲያው የሚያፈስ ጣሪያ ቀዳዳው ቅርብ ነው፤ ወይ ጎማው ያለቀ ሚስማር ወይ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ነው። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ የሚጀምር ከሆነ አንድ ቦታ ውሃ እየተጠራቀመ፣ ሲሞላ እየዘለለ ነው፤ የተደፈነ አሸንዳ ወይም ከመስኮቱ ጀርባ የተከመረ ቅጠል ፈልግ። ነፋስ ሲኖር ብቻ ከሆነ የጎን መደራረቢያው ጠቧል፤ ነፋሱ ውሃውን ሽቅብ እየገፋው ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላም የሚቀጥል ከሆነ ኮርኒሱ ወይም ከላዩ የተነጠፈው ነገር ጠጥቶ ያቆየውን እየመለሰ ነው። ምንም ሳይዘንብ የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ ጣሪያውን ተወውና ወደ ታንከሩና ወደ ቧንቧው ሂድ፤ ወይም ስለ እንፋሎት እናውራ።

የመምህሩ ነገር የት ተገኘ? ከመስኮቱ ወደ ላይ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ርቆ፣ ዲሹ ሥር። አማቻቸው ኳስ በደንብ እንዲታይ ብሎ ያስተከለው ዲሽ እግሩ የተቀመጠው ውሃ በሚወርድበት ዝቅታ ላይ ነበር። የባሕር ዛፍ ቅጠል እግሩ ላይ ይከማቻል፣ ውሃው ይገደባል፣ ብሎኑ ድረስ ሲሞላ ይገባል፤ ለዚህም ነው ስፖርቱ ሲጀምር ብቅ የሚለው። በረዶ የወረደ ለታ ደግሞ ግድቡ ቶሎ ይሠራል። መስኮቱ ንጹሕ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ ኳሱን ያወረዱ መስሏቸው አልጋቸውን ጣሉ። መምህሩ ዲሹን ወደ ግድግዳ አዛወሩ፤ አማቻቸውን ግን ወዴትም ማዛወር አልቻሉም።

አሁን ወደ እንፋሎቱ። ታኅሣሥ ላይ፣ ሰማዩ ጠርቶ ኮከብ በሚቆጠርበት ሌሊት፣ ቆርቆሮ ከአየሩም በላይ ይቀዘቅዛል። ከሥር ደግሞ ስድስት ሰው ሲተነፍስ ያድራል፣ ማታ የተጣደ ድስት ትነቱን ለቅቋል፣ የታጠበ ልብስ ሳሎን ተሰጥቷል። ይህ ሁሉ እርጥበት ወደ ላይ ወጥቶ ቀዝቃዛውን ብረት ወይም መስታወት ሲያገኝ ውሃ ይሆናል፤ ሊነጋጋ ሲል ጠብ ጠብ ይላል። ባለቤቱ ይወጣል፣ ሰማዩን ያያል፣ ደመና የለም፤ ይገባል፣ ኮርኒሱን ያያል፣ ያንጠባጥባል። አንዳንዱ ጸበል ያስረጫል፣ ሌላው ሲሊኮን ያስገዛል። ጸበሉ ቢያንስ የሚደፍነው ነገር የለም።

ስቶክሆልም ያለችው የአክስቴ ልጅም ከዚህ አላመለጠችም። የምትኖረው ከላይኛው ፎቅ፣ ጣሪያው ሥር ባለ ክፍል ነው፤ መስኮቷ ግድግዳ ላይ ሳይሆን ዘመም ባለው ጣሪያ ላይ ነው። በሰሜን አውሮፓ እንዲህ ያለው ኑሮ የተለመደ ነው። የዴንማርኩ መሐንዲስ ቪሉም ካን ራስሙሰን በ1941 እ.ኤ.አ. በኋላ ቬሉክስ በሚል ስም የታወቀውን ድርጅት ካቋቋመ ወዲህ፣ ዱሮ አሮጌ ዕቃ ይጣልበት የነበረው የጣሪያ ሥር ሁሉ መኝታ ቤት ሆኗል። በጥር ወር ስልክ ደውላ ካሜራውን ወደ ላይ አዞረች፤ በመስኮቱ የታችኛው ጠርዝ ላይ ውሃ ቁጢጥ ብሏል።

«የቤቱ ባለቤት መስኮቱ አዲስ ነው፣ አያፈስም ይለኛል። ይኸው ታየዋለህ አይደል?»

«እዚያ እየዘነበ ነው?»

«ምን ይዘንባል? ከዜሮ በታች አሥራ ሁለት ነው። ውጭ ያለው ውሃ ሁሉ በረዶ ሆኗል።»

ከበስተኋላዋ ድስት ይንተከተካል፤ ሽሮ ነው። ጀበናው ተጥዷል። ማሞቂያው ላይ የሕፃን ልብስ ተሰጥቷል። መስኮቱ ብርድ ይገባል ተብሎ ከጥቅምት ጀምሮ ተዘግቷል፤ የማሞቂያውን ሙቀት ወደ መስታወቱ እንዳይወጣ ደግሞ ወፍራም መጋረጃ ጋርዶታል። የቤቱ ባለቤት እውነቱን ነበር። እዚያ ያሉ ሰዎች ክፍላቸውን በክረምትም ቢሆን ለጥቂት ደቂቃ ወለል አድርገው ከፍተው ያናፍሱታል፤ እርጥቡ አየር ወጥቶ ደረቁ ይገባል፣ ግድግዳው ሳይቀዘቅዝ ይዘጋል። ይህን ስነግራት «በዚህ ብርድ? ልጄን ልትገድልብኝ ነው?» አለች። ነፋስ ይመታል የሚለው ሥጋት ከእኛ ጋር ባሕር ተሻግሯል፤ መጋረጃው ግን ቢያንስ ተሰብስቧል።

እንፋሎትን ከፍሳሽ ለመለየት የሚያዋጣ ቀላል ዘዴ አለ። እርጥቡን ቦታ በደንብ አድርቁትና በላዩ ላይ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፉበት። በማግሥቱ ውሃው ላስቲኩ ላይ በክፍሉ በኩል ከተገኘ ከቤት የመጣ እንፋሎት ነው፤ ከላስቲኩ በስተጀርባ ከተገኘ ከውጭ ወይም ከጣሪያው ውስጥ የመጣ ነው። ወጪው የአንድ ፕላስተር ዋጋ ነው። ሲሊኮን ከዚህ ይወደዳል።

ስለ ፕላስቲክ ቆርቆሮ አንድ ነገር ካልተናገርኩ አይሆንልኝም። ከብረቱ ጎን፣ በብረቱ ሚስማር፣ በብረቱ አመታት ነው የሚመታው፤ ሁለቱ ግን ጠባያቸው አይገጥምም። ፖሊካርቦኔት የሚባለው ፕላስቲክ በሙቀት የሚለጠጠው ከብረት አምስት እጥፍ ያህል ነው። ሦስት ሜትር የሚሆን ፕላስቲክ በጠዋቱ ብርድና በቀትሩ ፀሐይ መካከል 30 ዲግሪ ቢለዋወጥበት ወደ 6 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ጎኑ ያለው ብረት ግን ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። በየቀኑ ይወጣል፣ በየቀኑ ይገባል። በሚስማር ቀጥ አድርገው ከያዙት ቀዳዳውን እየቀደደ ያሰፋዋል። ስለዚህ ቀዳዳው አስቀድሞ በመሰርሰሪያ፣ ከብሎኑ ወፈር ተደርጎ ይበሳል፤ ከላዩ ሰፊ ጎማ ያለው ብሎን ሳይጨክኑ ይታሰርበታል። በመዶሻ የተመታ ፕላስቲክ ገና ሲመታ ተሰንጥቋል፤ ሠሪው አላየውም እንጂ።

ሞገድ ያለው የተለመደው ቆርቆሮም ቢሆን ሚስማሩ ከፍ ባለው ላይ እንጂ ውሃ በሚሄድበት ዝቅታ ላይ አይመታም። ይህን የማያውቅ ቆርቆሮ ሠሪ የለም፤ ግን ዝቅታው ላይ ሲመቱ ቶሎ ይይዛል፣ ቀኑም ቶሎ ያልቃል። ለፈጣን ሠሪ ከመክፈላችሁ በፊት ሚስማሮቹን ከታች ሆናችሁ በዓይናችሁ ተከተሉ።

ለባለ መስታወቱ መስኮት ደግሞ ዋናው ነገር ዙሪያው ነው። መስኮቱ ከቆርቆሮው እኩል ተኝቶ ከሆነ ተስፋ የለውም፤ አሥር አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ ጠርዝ ላይ መቀመጥ አለበት። ፍላሺንግ የሚባለው የታጠፈ ላሜራ የሚገባው በጎጆው ሥርዓት ነው፦ አስቀድሞ የታችኛው፣ ቀጥሎ ጎንና ጎኑ፣ በመጨረሻ የላይኛው። የታችኛው ላሜራ ከቆርቆሮው በላይ ይወጣል፤ የላይኛው ከቆርቆሮው በታች ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ይሄ የላይኛው ነው። እሱን ለማስገባት ከላይ ያለውን ቆርቆሮ ሚስማር መንቀል ያስፈልጋል፤ ሠሪው ግን ሲደክመው ከላይ ያስቀምጠውና በሲሊኮን «ያትመዋል»። የሚያትመው የቤቱን ዕጣ ፈንታ ነው። ሰፊ መስኮት ከሆነ ደግሞ ከጀርባው ውሃውን ግራና ቀኝ የሚከፍል፣ መሀሉ ከፍ ያለ ላሜራ ይደረግለታል፤ ያለዚያ የሐምሌ በረዶ እዚያ ይቆለላል፣ ሲቀልጥ መንገድ ያጣል፣ ሽቅብ ወደ መደራረቢያው ይገባል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ምንጩ አሁንም ከጠፋ የውሃ ጎማው ይወጣል። ሰፈሩን የሚያዝናናው ክፍል ይሄ ነው። አንዱ ጣሪያ ላይ፣ አንዱ ኮርኒስ ውስጥ በባትሪ። የላይኛው ወዲያውኑ አናቱ ላይ ውሃ መልቀቅ ይፈልጋል፤ ያኔ ሁሉም ቦታ በአንዴ ስለሚርስ የሚታወቅ ነገር የለም። ከታች ይጀመራል። መጀመሪያ ከመስኮቱ በታች ያለው ቆርቆሮ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ የታችኛው ጠርዝ፣ ከዚያ አንዱ ጎን፣ ከዚያ ሌላው፣ መጨረሻ አናቱ፣ ካልተገኘ ከዚያም በላይ።

«መጣ?»

«አልመጣም!»

«አሁንስ?»

«አልመጣም አልኩህ!»

«እንዴት አይመጣም? እኔ ራሴ እዚህ ረስርሻለሁ!»

ትዕግሥት ያለው ያገኘዋል። ትዕግሥት የሌለው ከሁለት ደቂቃ በኋላ ጎማውን አንሥቶ መስታወቱ ላይ ያፈስና «ይኸው መስኮቱ ነው» ይላል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለመስጠም ብቻ አይደለም። ቅዳሜና ረቡዕ ውሃ የሚደርሰው ሰፈር ከሆነ ደግሞ ምርመራው ከወረፋው ጋር ይስማማ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ውሃው ሲሄድ «ተገኝቷል፣ ቆሟል» ብሎ የጨፈረ ቤት አውቃለሁ።

ጣሪያ ላይ ስለመውጣት ቀልድ የለኝም። ፀሐይ የመታው ፕላስቲክ ቆርቆሮ አቧራ ሲለብስ ከብረቱ አይለይም፤ ሰው ግን አይሸከምም፤ የረገጠው ሰው ሳሎን ወለል ላይ ይገኛል። ከታች ብርሃን የሚገባበትን ቦታ አይታችሁ፣ የት እንዳለ ለሚወጣው ሰው ንገሩት። እግሩን ሚስማር በተመታበት መስመር፣ ከሥሩ ሞራሌ ባለበት ላይ ያኑር። ቆርቆሮው እርጥብ ከሆነ ማንም አይውጣ። በሐምሌ ዝናብ ሥር ሲሊኮን የያዘ ጎረቤት መሰላል ሲጠይቅ መሰላሉ የለም በሉት።

የጣሪያ ሥራ ወሩ ከጥር እስከ ግንቦት ነው። ያን ጊዜ ሠሪው ሥራ ይፈልጋል፣ ዋጋውም ይለሳለሳል፣ ቆርቆሮውም ብዙውን ጊዜ ደረቅ ነው። እኛ ግን በጥር ስለ ጥምቀት፣ በሚያዝያ ስለ ፋሲካ፣ በግንቦት ስለ ሠርግ እናስባለን፤ ጣሪያው ትዝ የሚለን የሰኔ ሚካኤል ዝናብ ጠብ ሲል ነው። አሁን ክረምቱ ላይ ከሆናችሁ የምትሠሩት አንድ ነገር አለ፦ በየዝናቡ ሰዓቱን፣ ነፋሱን፣ ጠብታው የጀመረበትን ጊዜ በደብተር ጻፉ፤ ያን ደብተር በጥር ለባለሙያው ስጡት። የሚከፈለው ዋጋ ግማሹ እዚያ ውስጥ ነው። ሲሊኮኑን ለመታጠቢያ ቤቱ አቆዩት።